ለብዙዎች የተላከው መልእክት መድረሱ በምን ይታወቃል?

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



መልእክት መላክ አንድ ነገር ነው፤ የተላከው መልእክት መድረሱን ማወቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህንንም ከቢሮ ሠራተኛ ይበልጥ የሚያውቀው የለም። አንድ ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት ሲወጣ ቍጥርና ቀን ተሰጥቶት፥ በመላኪያ ደብተር ተመዝግቦ፥ ተቀባዩም ፈርሞበት ካልተመለሰ በቀር፥ «ልከናል» የሚለው ቃል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ደብዳቤው ለአንድ ሰው የተጻፈ ሲሆን ነገሩ ቀላል ነው፤ ሳይደርሰው ቢቀር ያው ሰው ይጠይቃልና። ለ40 መሥሪያ ቤቶች የተላለፈ ሰርኩላር ሲሆን ግን ከ40ዎቹ ለአንዱ ሳይደርስ ቢቀር ማን ያውቃል? ያልደረሰው መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ደብዳቤ መኖሩን ስለማያውቅ አይጠይቅም፤ ላኪውም መልስ ስለማይጠብቅ አይጠራጠርም።

ይኸው ችግር በኮምፒዩተር መረብ ውስጥ ሲደርስ ምን መልክ እንደሚይዝ፥ በድረ ገጽ በሚታዩ የመከታተያ ፕሮግራሞች አማካይነትም እንዴት እንደሚደረስበት ዛሬ በአጭሩ እንገልጻለን። ጉዳዩ የመሐንዲሶች ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በመረብ የሚተላለፍ ትምህርት የሚከታተል፥ ቴሌቪዥን በኢንተርኔት መስመር የሚመለከት፥ ወይም እንዲህ ላለው አገልግሎት የመሥሪያ ቤቱን ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ሁሉ ነገሩ ይመለከተዋል።

በኮምፒዩተር መረብ መልእክት የሚላክባቸው መንገዶች በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው አንድ ላኪ ለአንድ ተቀባይ የሚልክበት ነው፤ ኢሜይል ስንጽፍም ሆነ ድረ ገጽ ስንከፍት የምንጠቀመው በዚሁ ነው። ሁለተኛው በአንድ አነስተኛ መረብ ላይ ለሚገኙት መሣሪያዎች ሁሉ፥ ፈለጉም አልፈለጉም፥ የሚበተንበት ነው፤ አዋጅ ነጋሪ በገበያ መካከል ቆሞ እንደሚጮኸው ማለት ነው። ሦስተኛው መልቲካስት የሚባለው ነው። በዚህኛው መንገድ ላኪው አንድ ቅጂ ብቻ ይልካል፤ «እኔ እፈልጋለሁ» ብለው ለተመዘገቡት ተቀባዮች ሁሉ ቅጂውን እያባዛ የሚያደርሰው መረቡ ራሱ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት 40 ቅጂ አዘጋጅቶ 40 ተላላኪ ከሚያሰማራ፥ አንዱን ቅጂ ለቅርንጫፉ ልኮ ቅርንጫፉ በሥሩ ላሉት አባዝቶ እንዲያድል ቢያደርግ ስንት ወረቀትና ስንት ድካም እንደሚድን መገመት አያዳግትም።

በቍጥር እንየው። አንድ የቪዲዮ ሥርጭት በየሰከንዱ 5 ሜጋቢት የሚፈጅ ቢሆንና 200 ሰዎች ቢመለከቱት፥ ለእያንዳንዱ ለብቻው ሲላክ ከላኪው የሚወጣው በየሰከንዱ 1,000 ሜጋቢት ይሆናል። በመልቲካስት ሲላክ ግን ተመልካቹ 200 ቢሆን 2,000 ቢሆን ከላኪው የሚወጣው ያው 5 ሜጋቢት ነው። ስለዚህም መስመር ውድ በሆነበት አገር ሁሉ የዚህ አሠራር ጥቅም ትልቅ ነው።

የዚህን አሠራር መሠረት ከጣሉት ዋነኛው በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ስቲቨን ዲሪንግ ነው። በእርሱ የተዘጋጀው ደንብ በ1989 ዓ. ም. (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የኢንተርኔት ሰነድ ቍጥር 1112 ሆኖ ወጣ። በደንቡም መሠረት ከ224 እስከ 239 ባለው ቍጥር የሚጀምሩት አድራሻዎች ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ መሣሪያ ሳይሆን ለተቀባዮች ቡድን የተለዩ ናቸው። በ1992 ዓ. ም. በማርች ወር በሳን ዲየጎ ከተማ የተደረገው የኢንተርኔት መሐንዲሶች ስብሰባ ድምፅ በዚሁ ዘዴ በ3 አህጉሮች ለሚገኙ 20 ቦታዎች ተላለፈ። ከዚያም ወዲህ ኤምቦን የተባለው የሙከራ መረብ እየሰፋ ሄዶ፥ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ስብሰባና ትምህርት ይለዋወጡበት ጀመር።

ዳሩ ግን ችግሩም የተገኘው ጥቅሙ በተገኘበት ቦታ ነው። ድረ ገጽ ስንከፍት መልእክቱ ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ እሽጎች ተከፋፍሎ ይመጣል፤ የእኛም ኮምፒዩተር ለመጣለት «ደርሶኛል» እያለ ይመልሳል፤ መልስ ያልተሰጠበትን ላኪው ደግሞ ይልካል። በመልቲካስት ግን 2,000 ተቀባዮች በየፓኬቱ «ደርሶኛል» ቢሉ ላኪው በመልስ ጎርፍ በሰጠመ ነበር። ስለዚህ ደንቡ ሲወጣም ላኪው ተቀባዮቹን በስም እንዳያውቃቸው፥ መልስም እንዳይጠብቅ ሆኖ ነው። «ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገራችን ሰው፤ በዚህ መረብ ውስጥ ግን የሚነቅዘው ዝምታው ነው።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። አንድ የሕክምና ትምህርት ቤት አንድ ትምህርት ለ30 ሆስፒታሎች በመልቲካስት ያስተላልፋል እንበል። በ29ኙ ትምህርቱ በደኅና ይታያል። በ30ኛው ሆስፒታል የተሰበሰቡት ሐኪሞች ግን የሚያዩት ጥቁር መስተዋት ነው፤ ገና አልተጀመረም ብለው ጥቂት ይጠብቁና ወደየሥራቸው ይበተናሉ። መምህሩ ይህን አያውቅም። ኋላ ነገሩ ሲጠየቅ የሆስፒታሉ ባለሙያ «የእኛ መሣሪያ ደኅና ነው» ይላል፤ የመስመሩ ባለቤት «ኢንተርኔቱ አልተቋረጠም» ይላል፤ የትምህርት ቤቱም ባለሙያ «29ኙ ተመልክተዋል» ይላል። ሦስቱም የተናገሩት እውነት ነው፤ ትምህርቱ ግን አልደረሰም። ሦስቱን በአንድነት የሚያይ ዓይን ስላልነበረ፥ ጥፋቱ የማንም ሳይሆን ይቀራል፤ በሚቀጥለውም ሳምንት ይደገማል።

የመከታተያ ፕሮግራም ዋና ተግባር እንግዲህ ይህን ዓይን መስጠት ነው። ምስክርነቱንም ከሦስት ወገን ይሰበስባል።

አንደኛው ምስክር ራውተር ይባላል፤ ይኸውም ፓኬቶችን ከመንገድ ወደ መንገድ የሚመራው መሣሪያ ነው። እያንዳንዱ ራውተር የትኛው ቡድን በየትኛው በር እንደሚገባና በየትኛው በር እንደሚወጣ የሚያሳይ መዝገብ ይይዛል። ፕሮግራሙ በየተወሰነ ደቂቃ ይህን መዝገብ እየጠየቀ ይጽፋል፤ የሚጠይቅበትም የታወቀ ቋንቋ ኤስ ኤን ኤም ፒ ይባላል። በ1990ዎቹ ዓመቶች መጨረሻ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሳንታ ባርባራ የተሠራው ማንትራ የተባለው ፕሮግራም፥ ከልዩ ልዩ ራውተሮች መዝገቡን እየሰበሰበ በድረ ገጽ በሥዕልና በሠንጠረዥ ያሳይ ነበር።

ሁለተኛው ምስክር ተቀባዩ ራሱ ነው። የራውተሩ መዝገብ ምን መሆን እንደሚገባው ይናገራል እንጂ በእርግጥ የሆነውን ሁልጊዜ አይናገርም። ስለዚህ በየተቀባዩ ቦታ ቢከን የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ይቀመጣል። ቢከኖቹ ሁሉ በአንድ ቡድን ውስጥ ተመዝግበው ትንንሽ ፓኬቶችን ያለማቋረጥ ይልካሉ፤ እያንዳንዱም ከሌሎቹ የሰማውን ይቈጥራል፤ ምን ያህሉ እንደ ጠፋ፥ ምን ያህል እንደ ዘገየ፥ መዘግየቱም ምን ያህል ወጣ ገባ እንደ ሆነ ያስታውቃል። በአሜሪካ ኤን ኤል ኤ ኤን አር ይባል የነበረው የምርምር መረብ ድርጅት እንዲህ ያለውን ቢከን ሠርቶ ለዩኒቨርሲቲዎች አድሎ ነበር፤ በእርሱም ብዙዎች በመረብ የሚያደርጉትን ስብሰባ ከመጀመራቸው አስቀድመው መስመራቸውን ይመረምሩ ነበር።

ሦስተኛው ምስክር መንገዱ ነው። ኤምትሬስ የሚባለው መሣሪያ ከተቀባዩ ተነሥቶ ወደ ላኪው እያቀና፥ በየራውተሩ «በየትኛው በር ገባ? በየትኛው ወጣ? ስንት ፓኬት አለፈ?» እያለ ይጠይቃል። ዱካ የሚፈልግ ሰው ከብቱ ከጠፋበት ስፍራ ተነሥቶ ወደ ኋላ እንደሚከተል ማለት ነው። የዚህ መሣሪያ ሁለተኛው ደንብ በ2018 ዓ. ም. ታውጇል።

የእነዚህ ሁሉ ምስክርነት በድረ ገጽ እንዲታይ መደረጉ ለጌጥ አይደለም። አስቀድሞ አንድ ባለሙያ በየራውተሩ እየገባ በትእዛዝ ቋንቋ መጠየቅ ነበረበት፤ በሌላ መሥሪያ ቤት ራውተር ለመግባት ግን ፈቃድ የለውም። በድረ ገጽ ሲሆን የሆስፒታሉም፥ የመስመሩም፥ የትምህርት ቤቱም ባለሙያዎች በአንድ ሰዓት አንዱን ሠንጠረዥ ይመለከታሉ፤ ክርክሩም ከ«የእኛ ደኅና ነው» ወደ «ይህ ሣጥን ለምን ቀላ?» ይለወጣል። ደግሞም ገጹ የትናንቱን ከዛሬው ጋር አስተያይቶ በመስመር ሥዕል ስለሚያቀርብ፥ ብልሽቱ የጀመረበት ሰዓት ይታወቃል። ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን፥ ድረ ገጹ ራሱ የሚመጣው በመልቲካስት ሳይሆን በተራው የአንድ ለአንድ መንገድ መሆኑ ነው። ስለዚህ መልቲካስቱ ቢሰበርም ገጹ ይከፈታል፤ ጠባቂው የሚመጣው ከሚጠብቀው ነገር በተለየ መንገድ ነውና።

አሁን የቢከኑን ሠንጠረዥ እንዴት እንደሚያነቡት እንመልከት። በተርታ ላኪዎቹ፥ በዓምድ ተቀባዮቹ ተጽፈዋል፤ የደረሰው በአረንጓዴ፥ የጠፋው በቀይ ተቀብቷል እንበል። አንድ ተርታ ከዳር እስከ ዳር ቢቀላ ያንን ላኪ ማንም አልሰማውም ማለት ነው፤ ጥፋቱም ላኪው አጠገብ ይፈለጋል። አንድ ዓምድ ከላይ እስከ ታች ቢቀላ ያ ተቀባይ ማንንም አልሰማም፤ ጥፋቱ ተቀባዩ ዘንድ ነው። አንድ ሣጥን ብቻውን ቢቀላ ሁለቱን በሚያገናኘው መንገድ ላይ ኤምትሬስ መላክ ይገባል። የሠንጠረዡ አንድ ማዕዘን በሙሉ ቢቀላ ደግሞ ሁለት መረቦች የሚገናኙበት ድልድይ ተሰብሯል ብሎ መጠርጠር ነው። እንዲህ ሲሆን ብዙ ቀን ይፈጅ የነበረው ፍለጋ በአንድ እይታ ይጠባል።

ከተለመዱት ብልሽቶች ሦስቱን ብናነሣ ነገሩ ይበልጥ ይብራራል።

የመጀመሪያው የዕድሜ ነገር ነው። እያንዳንዱ ፓኬት ሲወጣ የዕድሜ ቍጥር ይሰጠዋል፤ ራውተር ባለፈ ቍጥር አንድ ይቀነስበታል፤ ዜሮ ሲደርስ ይጣላል። ብዙ ፕሮግራሞች፥ ሌላ ቍጥር ካልታዘዙ በቀር፥ ለመልቲካስት የሚሰጡት ዕድሜ 1 ብቻ ነው። ስለዚህ ሥርጭቱ በአንድ ፎቅ ውስጥ በደኅና እየታየ ከግቢው ግን አይወጣም። በሠንጠረዡ ላይ የላኪው ተርታ ከጎረቤቱ በቀር ሁሉ ቀልቶ ይታያል፤ መድኃኒቱም አንድ ቍጥር መለወጥ ነው።

ሁለተኛው የጠያቂ መጥፋት ነው። በሕንፃው ውስጥ ያሉትን ኮምፒዩተሮች የሚያያይዘው ስዊች የሚባለው መሣሪያ፥ ሥርጭቱን ላልፈለገ እንዳያደርስ የተመዝጋቢዎቹን ጥሪ እያዳመጠ በሩን ይከፍታል። ምዝገባው እንዲታደስ ግን አንድ ጠያቂ «አሁንም የሚፈልግ አለን?» እያለ መጠየቅ አለበት፤ በደንቡ የተለመደው ጊዜ በየ125 ሰከንዱ ነው። ጠያቂ ከሌለ 260 ሰከንድ ሲሞላ ምዝገባው ይሰረዛል፤ በሩም ይዘጋል። ተመልካቹ የሚያየው ሥዕሉ በደኅና ጀምሮ ከ4 ደቂቃ በኋላ ሲቋረጥ ነው። አጥፍቶ ሲያበራው እንደ ገና ተመዝግቦ ይሠራል፤ እንደ ገናም ይቋረጣል። ይህን ያየ ሰው ቴሌቪዥኑን ይወቅሳል፤ አንዳንዱም አዲስ ይገዛል። በድረ ገጹ የመስመር ሥዕል ላይ ግን በየ4 ደቂቃው የሚወድቀው መስመር እንደ መጋዝ ጥርስ ተሰልፎ ሲታይ፥ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ወዲያው ይገነዘባል።

ሦስተኛው የበር ስሕተት ነው። ፓኬቱ በመረቡ ውስጥ እየዞረ ያለ ልክ እንዳይባዛ፥ ራውተር «ወደ ላኪው ብመለስ በምወጣበት በር ያልመጣውን አልቀበልም» የሚል ሕግ አለው። ሁለት የኢንተርኔት መስመር ያለው መሥሪያ ቤት መልቲካስቱን በአንደኛው እየተቀበለ፥ ተራው የመመለሻ መንገድ በሁለተኛው ቢመራ፥ ራውተሩ የመጣውን ሁሉ ይጥላል። ኢሜይል ይሠራል፤ ድረ ገጽ ይከፈታል፤ ሥርጭቱ ብቻ የለም። «ኢንተርኔቱ አልተቋረጠም» የሚለው መልስ እውነት ሆኖ ሳለ የማይጠቅመውም ስለዚህ ነው።

መከታተል የሚያገለግለው የጎደለውን ለማየት ብቻ አይደለም፤ ያለ ልክ የበዛውንም ያሳያል። በ2001 ዓ. ም. በጃንዩወሪ ወር ራመን የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም በሊኑክስ በሚሠሩ ኮምፒዩተሮች ላይ ይራባ ነበር። የሚያጠቃውን መሣሪያ ሲፈልግ በግምት ከሚደውልባቸው አድራሻዎች አንዳንዶቹ ለመልቲካስት ቡድኖች የተለዩት ነበሩ። ራውተሮቹም እያንዳንዱን ሙከራ እንደ አዲስ ሥርጭት ቈጥረው ለዓለም መረቦች ሁሉ አስታወቁ፤ መዝገቦቹም ማንም በማይመለከታቸው በሺህ በሚቈጠሩ ሥርጭቶች ተጨናነቁ። በ2003 ዓ. ም. በዚያው ወር ስላመር የተባለው ሌላው ተንኮለኛ ይህንኑ ደገመ። የዕለት ቍጥሩን የማይከታተል ሰው የሥርጭቱ መብዛት የእድገት ምልክት ሊመስለው ይችል ነበር፤ የተለመደውን ልክ የሚያውቅ ግን በሽታ መሆኑን ይለያል። ስለዚህ መከታተል የሚጀመረው ብልሽት በደረሰ ቀን ሳይሆን ሁሉ ነገር ደኅና በሆነበት ቀን ነው፤ ደኅናው ካልታወቀ ሕመሙ አይታወቅምና።

እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ መስጠት ይገባል። የመጀመሪያው፥ የመከታተያው ገጽ የመረቡን ገመና የሚያሳይ ስለ ሆነ፥ ለማየት የተፈቀደለትና ለመለወጥ የተፈቀደለት ሰው ተለይቶ መታወቅ አለበት። በተለይም ቀደም ያሉት የኤስ ኤን ኤም ፒ ዓይነቶች የይለፍ ቃላቸውን ሳይሸፍኑ በመስመር ላይ ስለሚልኩ፥ በ2002 ዓ. ም. ደንብ የሆነውን፥ ምስጢር መጠበቂያ ያለውን 3ኛውን ዓይነት መጠቀም ይሻላል። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ፥ አረንጓዴ ሣጥን ሰው ተመለከተ ማለት አይደለም። ቢከኑ የሚመሰክረው ፓኬቱ እስከ እርሱ መድረሱን ነው፤ ከእርሱ ወዲያ ያለው የተበጠሰ ገመድና የተዘጋ ድምፅ ማጉያ አይታየውም። ስለዚህ ቢከኑ መቀመጥ ያለበት ለባለሙያው በሚመች በመሣሪያዎቹ ክፍል ሳይሆን፥ በተቻለ መጠን ተመልካቾቹ በሚሰበሰቡበት አዳራሽ ነው።

ዛሬ ይህ አሠራር የት ይገኛል ብትሉ፥ በዓለም ኢንተርኔት ላይ ማንም ለማንም ቡድን የሚልክበት የቀድሞው ዓይነት እየቀረ ሄዷል፤ በ2020 ዓ. ም. የወጣው ሰነድ ቍጥር 8815 በልዩ ልዩ መረቦች መካከል በዚህ ዓይነት መጠቀም እንዲተው መክሯል። በፈንታውም ተቀባዩ የላኪውን አድራሻ ጠርቶ የሚመዘገብበት ዓይነት እንዲያዝ አሳስቧል፤ እንዲህ ሲሆን ራመን ያደረሰውን የመሰለ መጨናነቅ የሚመጣበት በር ይዘጋል። በየድርጅቱ የውስጥ መረብ ግን መልቲካስት በሥራ ላይ ነው፤ የቴሌኮም ድርጅቶች ቴሌቪዥን የሚያሠራጩበት፥ የአክሲዮን ገበያዎች ዋጋን በአንድ ጊዜ ለብዙ ነጋዴዎች የሚያስታውቁበት ነው። በ2013 ዓ. ም. የወጣው ኤ ኢ ኤስ 67 የተባለው ደንብ ደግሞ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ጣቢያዎች ውስጥ ድምፅ ከክፍል ወደ ክፍል በኮምፒዩተር መረብ እንዲተላለፍ መንገድ ከፍቷል፤ በዚያም ውስጥ መልቲካስት ዋና መሣሪያ ነው።

ስለዚህ ክቡራን አንባብያን፥ መሥሪያ ቤታችሁ እንዲህ ያለውን አገልግሎት ሊገዛ ወይም ሊዘረጋ ሲነሣ፥ የመሣሪያውን ዋጋ ከመጠየቃችሁ አስቀድማችሁ የሚከተለውን ጠይቁ፦ መድረሱን በተቀባዩ ወገን ሆኖ የሚያይ ማነው? የሚያየውንስ ሌሎቹ ወገኖች በየትኛው ገጽ ይመለከቱታል? ሣጥኑ ቀልቶ ሲገኝ ስልኩ የሚደወልለት ሰው ስሙ ተጽፏልን? ለነዚህ መልስ ከሌለ፥ ከ30ዎቹ አንዱ በጨለማ ሲቀር የሚያውቅለት አይኖርም።

«በሽታውን ያልተናገረ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። በመልቲካስት መረብ የመጨረሻው ተቀባይ መናገሪያ የለውም፤ በዚያ ፈንታ የሚናገርለት ይህ የመከታተያ ገጽ ነው። ገጹ የሚናገረው ግን ጠዋት ጠዋት ከፍቶ ለሚያነበው ሰው ነው።